ቨርጂኒያ የምትባለው አክሲዮን

ቨርጂኒያ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን አሌክሳንድሪያ ነው። የአክስት ልጅ አለ፣ እንጀራ ቤት አለ፣ ክርስትናና ሠርግ አይጠፋም። ከዚያ ተነስቶ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የነዳ ሰው ጄምስታውን ይደርሳል። ወንዝ ዳር ያለች፣ ዝቅ ያለች፣ ረግረግ የበዛባት ደሴት ናት። እንግሊዞች አሜሪካ ላይ ተክለውት ሳይነቀል የቀረላቸው የመጀመሪያው ሰፈራ ይኸው ነው፤ ዘመኑ 1607 (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

ሰዎቹ ምን ፍለጋ መጡ ሲባል ብዙ ሰው "ነፃነት ፍለጋ" ይላል። እነዚያ ከ13 ዓመት በኋላ በሌላ መርከብ ሌላ ቦታ የወረዱት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ነገራቸው እንደሚወራው አይደለም፣ እመጣበታለሁ። የጄምስታውኖቹ የመጡት ለገንዘብ ነው። ገንዘቡ ደግሞ አብዛኛው የራሳቸው አልነበረም፤ ለንደን ቁጭ ያሉ ሰዎች ያዋጡት የአክሲዮን ገንዘብ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ የጀግና ታሪክ አድርጎ ከመስማት ይልቅ፣ አክሲዮን ገዝቶ "ኧረ ትርፉ የታል?" እያለ ዓመት በዓመት ስብሰባ የሚመላለስ ሰው ታሪክ ነው ብሎ መስማት ይሻላል። እኔ እንደዚያ ሳየው ነው ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን የያዘልኝ።

መጀመሪያ በአንድ ሰው ኪስ ሞክረውት ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1584 ዋልተር ራሌ ለሚባለው ባለሟሏ፣ ክርስቲያን ንጉሥ ያልያዘውን መሬት ፈልጎ እንዲይዝ ፈቃድ ሰጠችው። ወጪው ግን በሱ ጫንቃ። "ቨርጂኒያ" የሚለውም ስም ሳታገባ የኖረችውን ንግሥት ለማወደስ የወጣ ነው። የራሌ ሰዎች በ1585 ዛሬ ሰሜን ካሮላይና በሚባለው አገር ሮአኖክ የተባለች ደሴት ላይ ሰፈሩ፤ ራባቸው፣ ከአገሬው ተጣሉ፣ በዓመቱ በሚያልፍ መርከብ ተሳፍረው አገራቸው ገቡ። በ1587 እንደገና ተሞከረ። በዚህኛው ዙር ሴትና ሕፃን ያለባቸው ከ110 በላይ ሰዎች ነበሩ። አለቃቸው ጆን ኋይት ስንቅ ላምጣ ብሎ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ እዚያ ሲደርስ ከስፔን ጋር ጦርነት ነው፣ መርከብ የሚባል ሁሉ ለጦርነቱ ተፈልጓል። ስንቁን ይዞ ለመመለስ ሦስት ዓመት ፈጀበት። በነሐሴ 1590 ሲደርስ ሰው የለም። አጥሩ ምሰሶ ላይ "ክሮአቶአን" የሚል ቃል ተቀርጿል፤ በአቅራቢያው ያለ ደሴትና የሕዝብ ስም ነው። ችግር ገጥሟችሁ ከሄዳችሁ መስቀል ቅረጹ ብሏቸው ነበር፤ መስቀል አልነበረም። ኋይት ደሴቲቱ ድረስ ሄዶ ሊያይ ቢፈልግም ማዕበሉ አላስጠጋውም፣ መርከቡ ዞረች። ልጁና የልጅ ልጁም እዚያው ቀሩ።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ለንደን ውስጥ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ገባቸው፤ ባሕር ማዶ ሰው ማስፈር የአንድ ሰው ኪስ የሚችለው ነገር አይደለም። ከኤልሳቤጥ በኋላ የነገሠው ንጉሥ ጄምስም ቢሆን ገንዘብ የለውም። ነጋዴዎቹ ደግሞ ለሩቅ ንግድ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ትርፍና ኪሳራውን እንደ ድርሻ ተካፍሎ መሥራትን ለምደውታል፤ የሩሲያው ንግድ እንዲህ ነው የተሠራው፣ በ1600 የተቋቋመው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያም እንዲሁ። አንዱ መርከብ ቢሰምጥ ማንም ሙልጭ ብሎ አይደኸይም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይከስራል። በ1604 ከስፔን ጋር ሰላም ሲወርድ ደግሞ ጦርነት ላይ ይውል የነበረ ገንዘብም፣ ሥራ የፈታ ወታደርም ተረፈ። የእንግሊዝ ሕዝብ በ50 ዓመት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ወደ 4 ሚሊዮን ገደማ አድጎ ነበርና ሥራ አጥ በየመንገዱ ሞልቷል። ሰውና ገንዘብ ተገኘ ማለት ነው።

ሚያዝያ 10 ቀን 1606 ንጉሥ ጄምስ ለቨርጂኒያ ኩባንያ ፈቃድ ሰጠ። የንጉሡ ስምምነት ያስቃል። አንድ ሳንቲም አያወጣም፤ ወርቅና ብር ከተገኘ ግን አንድ አምስተኛው የሱ ነው። አንድ አክሲዮን 12 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ይሸጥ ነበር፤ ተራ ሠራተኛ ከግማሽ ዓመት በላይ ሠርቶ የሚያገኘው ነው። ብር የሌለው ደግሞ ራሱን ይዞ መሄድ ይችላል፤ ነፍሱ እንደ መዋጮ ትቆጠርለታለች። አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚያን ጊዜ እንግሊዞቹ "ጀብደኛ" ብለው የሚጠሩት ባሕሩን የሚያቋርጠውን ሰው አልነበረም። ገንዘቡን የሚያወጣውን ነበር። ባሕሩን የሚያቋርጠው "ተካይ" ነው የሚባለው። ለነሱ ጀብዱ ማለት ለንደን ቤትህ እሳት እየሞቅክ ገንዘብህን አደጋ ላይ መጣል ነበር።

በታኅሣሥ 1606 ሦስት መርከቦች ተነሱ። 104 ያህል ሰፋሪዎች ናቸው፣ ሁሉም ወንድ፣ ጥቂት ልጆችም አሉበት። ማን እንደሚያስተዳድራቸው አያውቁም። የአስተዳዳሪዎቹ ስም ዝርዝር በታሸገ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ሣጥኑ የሚከፈተው መሬት ሲረግጡ ብቻ ነው። ኩባንያው መንገድ ላይ ሥልጣን እንዳይናጠቁ ብሎ ያደረገው ይመስለኛል፤ ግን ሥልጣን ያልተሰጠው ሰው ሁሉ ሥልጣን ያለው መስሎት አራት ወር ተጓዘ። ጆን ስሚዝ የሚባለው ወታደር ገና መንገድ ላይ "አመፅ አስነስተሃል" ተብሎ ታሰረ። በሚያዝያ 1607 ቼሳፒክ ወሽመጥ ደርሰው ሣጥኑ ሲከፈት ስሙ ከሰባቱ አስተዳዳሪዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ። እስረኛው አለቃ ሆነ።

ቦታ ሲመርጡ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ኩባንያው በጽሑፍ አስይዟቸው ነበር። ከባሕሩ ገባ በሉ፣ የስፔን መርከብ ድንገት እንዳይደርስባችሁ። ለመርከብ የሚሆን ጥልቅ ውኃ ያለበትን ፈልጉ። ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚያሻግር ውኃ እንዳለ ተመልከቱ (አህጉሩ ምን ያህል ስፋት እንዳለው ማንም አያውቅም ነበር)። ደግሞም ዝቅ ያለና እርጥበት የበዛበት ቦታ ላይ አትስፈሩ፣ ለጤና አይሆንም። ሰዎቹ ሁለቱን ትእዛዝ አከበሩና የመጨረሻውን ተዉት። ግንቦት ላይ የመረጧት ቦታ ውኃው ዳር ድረስ በጣም ጥልቅ ነበርና መርከቦቹን በቀጥታ ከዛፍ ጋር ማሰር ይቻል ነበር። ዕቃ ለማውረድ እንዴት እንደሚመች አስቡት። ሌላው ነገሯ ሁሉ ግን መከራ ነው። ጉድጓዱም ወንዙም ጨው ቀመስ ነው። ከሰፋሪዎቹ አንዱ የነበረው ጆርጅ ፐርሲ፣ ውኃው ሲሞላ ጨው፣ ሲጎድል አተላና ቆሻሻ ነበር ብሎ ጽፏል። ቆሻሻቸውንም የሚጥሉት እዚያው፣ የሚጠጡትም ከዚያው። ተቅማጡና ትኩሳቱ ክፉኛ ያዛቸው። በዚያ ላይ ድርቅ ነው፤ ተመራማሪዎች በ1998 የአካባቢውን ያረጁ ዛፎች ቀለበት ቆጥረው እንዳሳዩት፣ ከ1606 እስከ 1612 ያለው ድርቅ በ770 ዓመት ውስጥ እንደሱ የከፋ አልታየም። ጥር 1608 ሲገባ በሕይወት የተረፉት 38 ነበሩ።

ሰነፍ ስለነበሩ ነው ያለቁት የሚል አለ። ስሚዝ ራሱ ይህን ወሬ በደንብ አሰራጭቷል። እውነትነት የለውም አይባልም፤ ከመጀመሪያዎቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉት የጨዋ ልጆች ናቸው፣ እጃቸው ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። ቀጥሎ ከለንደን የተላከው ዙር ውስጥ ወርቅ አንጥረኛ፣ ጌጣጌጥ ሠሪ፣ ስድስት ልብስ ሰፊና አንድ ሽቶ ቀማሚ ነበሩበት። ሽቶ ቀማሚ! ግን ጥፋቱ የመላኪያው ነው። ኩባንያው የሚፈልገው እርሻ አልነበረም። ባለአክሲዮኖቹ ቶሎ ወርቅ ይምጣልን ይላሉ፤ ስለዚህ የተራቡ ሰዎች በቆሎ በመዝራት ፈንታ ሲቆፍሩና ሲያጥቡ ይውላሉ። አብለጨለጨላቸውና አንድ መርከብ ሙሉ ጭነው ላኩ። ለንደን ሲደርስ ተራ አፈር ሆኖ ተገኘ።

አሁን ባለቤቶቹ ጋ እንምጣ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ወደ 30 የሚጠጉ ነገዶች፣ 15,000 ያህል ሰዎች ጸናኮማካ ብለው የሚጠሩት አገር ነው፤ ንጉሣቸው ዋሁንሰናካውህ ይባላል፣ እንግሊዞቹ "ፓውሃታን" ይሉታል። ሰፈሩ የተሠራበት ቦታ የፓስፓሄግ ሰዎች ነው። ፓውሃታን መጀመሪያ ላይ እነዚህን ሰዎች ማጥፋት ይችል ነበር፤ 38 ሰው ምን ያህል ነው? ይልቁንም በቆሎ ሰጣቸው። መዳብና የብረት መሣሪያ አላቸው፣ ሊጠቅሙኝ ይችላሉ ያለ ይመስላል፤ ከሥሩ እንዳሉት ትንንሽ አለቆች አንድ ተጨማሪ ነገድ አድርጎ ሊይዛቸው አስቦ ነበር የሚሉ የታሪክ ሰዎች ብዙ ናቸው። ንግዱ ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ከዚያ መርከበኞቹ ማታ ማታ በግላቸው መዳብ መሸጥ ጀመሩ። ገበያው በመዳብ ተጥለቀለቀና ትናንት በአንዲት ወቄት መዳብ የሚገኘው በቆሎ ዛሬ በአንድ ፓውንድ መዳብም አልገኝ አለ። የዋጋ ግሽበት በዱር መሀል።

ስለ ፓውሃታን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1608 መገባደጃ ላይ ኩባንያው "ይህን ሰውዬ ዘውድ ድፉለት" ብሎ አዘዘ። ዘውድ ከደፋንለት የንጉሥ ጄምስ ጭፍራ ሆነ ማለት ነው የሚል ሐሳብ ነው። ፓውሃታንን "ጄምስታውን ናና ስጦታህን ውሰድ" አሉት። እኔም ንጉሥ ነኝ፣ ይህም አገሬ ነው፤ ስጦታ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ አለ። ይዘው ሄዱ፤ አልጋ፣ የመታጠቢያ ሳሕን፣ ቀይ ካባ። ካባውን ብዙ ለምነው አለበሱት። ዘውዱን ለመድፋት ግን መንበርከክ አለበት። ተንበርከክ ቢሉት እምቢ። እንዲህ ነው የሚደረገው ብለው ራሳቸው እየተንበረከኩ ቢያሳዩት እምቢ። በመጨረሻ ሁለት ሦስት ሆነው ትከሻውን ጫን ጫን አደረጉት፣ ትንሽ ጎንበስ ሲል ፈጠን ብለው አናቱ ላይ አስቀመጡለት። እሱም ለአለቃቸው ለካፒቴን ኒውፖርት አሮጌ ጫማውንና የለበሰውን ካባ በምላሹ ሰጠው። ማን ማንን አስገበረ የሚለውን ለናንተ ትቼዋለሁ።

ጄምስታውን ከሞት የተረፈችው በአንድ ፀጉር ነው። በ1609 ኩባንያው አዲስ ፈቃድ አወጣና አክሲዮኑን በሰፊው ሸጠ፤ 659 ግለሰቦችና 56 የለንደን የሙያ ማኅበራት ገዙ። ሰባኪዎች ሳይቀሩ ከመድረክ አስተዋወቁት። ዘጠኝ መርከብ፣ 500 ያህል ሰው ተላከ። ዋናዋ መርከብ አለቆቹን በሙሉ እንደያዘች በማዕበል ተመትታ ቤርሙዳ ላይ ተሰበረች፤ ቀሪዎቹ ያለ አለቃ፣ ስንቃቸው ተበላሽቶ ደረሱ። በዚያው ሰሞን ስሚዝን ባሩድ አቃጥሎት ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ፓውሃታን ደግሞ በቃኝ አለና ምሽጉን ከበበ። ብርዱ ሲገባ ምሽጉ ውስጥ 300 ያህል ሰው ነበር። መጀመሪያ ፈረሶቹን በሉ። ከዚያ ውሻና ድመት። ከዚያ አይጥና እባብ፣ ከዚያ የጫማ ቆዳ ቀቅለው። ፐርሲ የሞተ ሰው የበሉም ነበሩ ብሎ ጽፏል፤ ለዘመናት ብዙዎች "አጋኖ ነው" ሲሉ ኖሩ።

በ2012 የምሽጉን ቦታ የሚቆፍሩ አርኪዮሎጂስቶች ቆሻሻ የተጣለበት ምድር ቤት ውስጥ፣ ከታረዱ ፈረሶችና ውሾች አጥንት ጋር ተደባልቆ የሰው ራስ ቅል አገኙ። የ14 ዓመት ገደማ እንግሊዛዊት ልጅ ናት። ግንባሯ ላይ አራት ቀጭን ጭረቶች አሉ፤ አጥንቱን አልከፈቱትም። የያዘው ሰው እጁ የተንቀጠቀጠ ወይም ልቡ የፈራ ይመስላል። ከኋላ በኩል ያሉት ግን ጠንካራ ናቸው፣ ቅሉን ከፍለውታል። የሞተችው በምን እንደሆነ አጥንቱ አይናገርም፤ የተቆረጠችው ከሞተች በኋላ ነው። ስሟ ስላልታወቀ ጄን ብለው ጠሯት።

በግንቦት 1610 ቤርሙዳ ላይ የቀሩት ሰዎች ከተሰበረችው መርከብ ዕቃና ከደሴቲቱ ዛፍ ሁለት ትንንሽ መርከቦች ሠርተው ሲደርሱ 60 ያህል አጥንትና ቆዳ የሆነ ሰው ጠበቃቸው። ምግብ የለም፤ እንሂድ ተባለ። ሰኔ 7 ቀን ሁሉም ተሳፍረው ጄምስታውንን ዘጉ። ምሽጉን እናቃጥለው ያሉ ነበሩ፤ አለቃው ቶማስ ጌትስ እንዳያቃጥሉት ብሎ መጨረሻ ላይ ተሳፈረ። በማግስቱ ወንዙን ሲወርዱ ጀልባ መጣባቸው፤ አዲሱ ገዥ ሎርድ ደ ላ ዋር 150 ሰውና የዓመት ስንቅ ይዞ ደርሷል፣ ተመለሱ። ተመለሱ። አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ጄምስታውንም እንደ ሮአኖክ የምናወራት ስም ሆና ትቀር ነበር።

ባለአክሲዮኖቹ እስካሁን ምንም አላገኙም። ኩባንያው ገንዘብ ሲያልቅበት በ1612 ለንደን ውስጥ ሎተሪ ማጫወት ጀመረ። መዳኛው ግን ከሎተሪው አልመጣም። ቤርሙዳ ላይ ከተሰበረችው መርከብ ተሳፋሪዎች አንዱ ጆን ሮልፍ ነበር፤ ሕፃን ልጁ እዚያው ደሴት ላይ ሞታበታለች። የአገሬው ትምባሆ ይመር ነበርና እንግሊዞች አልወደዱትም፤ ሮልፍ ከስፔኖች ግዛት የመጣ ለስላሳ ዘር ከየት እንዳገኘ እግዜር ይወቅ፣ በ1612 ገደማ ዘራው። ያዘ። በ1614 የፓውሃታንን ልጅ ፖካሆንታስን አገባ። ይህ ጋብቻ ብዙ ጊዜ የሚወራው እንደ ፍቅር ታሪክ ነው፤ ልጅቷ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተጠልፋ መያዣ ሆና የኖረች ናት፣ ክርስትናም የተነሳችው እዚያው ታግታ ነው። ጋብቻው ሰላም አወረደ። ኩባንያው በ1616 ለንደን ወስዶ ለባለአክሲዮኖች አሳያት፤ በዓመቱ ስትመለስ ገና መርከቧ ከአገር ሳትርቅ ታማ ሞተች፤ ዕድሜዋ ሃያ አንድ ቢሆን ነው።

ትምባሆው ግን አደገ። በ1617 ወደ እንግሊዝ የሄደው 20,000 ፓውንድ ነው፣ 90 ኩንታል ገደማ። በዚያው ዓመት አዲስ የተሾመ ገዥ ሲመጣ የጄምስታውን ገበያ ቦታና መንገዱ ሳይቀር ትምባሆ ተተክሎበት አገኘ። ቤተ ክርስቲያኗ ልትወድቅ ደርሳለች፣ አጥሩ ተሰብሯል፣ ሰው ሁሉ ቅጠል እያየ ነው። ንጉሥ ጄምስ ትምባሆ በጣም ይጠላ ነበር፤ በ1604 የሚያወግዝ መጽሐፍ እስከመጻፍ ደርሷል። ቀረጡን ግን አልጠላውም።

እዚህ ላይ ነው አክሲዮኑ አገር መሆን የጀመረው። በ1616 ትርፍ የሚከፋፈልበት ጊዜ ደረሰ፤ ካዝናው ባዶ ነው። ኩባንያው ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ የሌላ ሰው መሬት። በትርፍ ፈንታ መሬት አደለ። ቀጥሎ በ1618 ዘዴውን አሻሻለው፤ አንድ ሰው አሻግሮ ያመጣ 50 ኤከር ይሰጠዋል፣ ግማሽ ጋሻ ማለት ነው። ሒሳቡን ተመልከቱት። የአንድ ሰው መሻገሪያ 6 ፓውንድ ገደማ ነው። ለንደን ላይ ሥራ ያጣ ወጣት ታገኛለህ፣ መሻገሪያውን ትከፍልለታለህ፣ እሱ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት በኮንትራት ያገለግልሃል፣ አንተ ደግሞ በሱ ራስ ግማሽ ጋሻ ትወስዳለህ። አሥር ሰው ካመጣህ 500 ኤከር። ኮንትራቱ ሳያልቅ ከሞተ ኪሳራው የሱ ነው፣ መሬቱ ያንተው ነው። ከዚህ በኋላ ሰው ማምጣት ራሱ ንግድ ሆነ።

ሴትም በዚሁ መንገድ መጣች። ወንዶቹ ትዳር ካልያዙ ሀብት ሰብስበው ይመለሳሉ ብሎ የፈራው ኩባንያ ከ1620 ጀምሮ ሚስት የሚሆኑ ልጃገረዶች መላክ ጀመረ። የሚያገባት ሰው የጉዞዋን ወጪ በትምባሆ ይተካል፤ መጀመሪያ 120 ፓውንድ፣ ቀጥሎ 150። ግማሽ ኩንታል ቅጠል፣ ከዚያም ከዚያ በላይ። ልጅቷን የማግባት ግዴታ የለባትም ተብሏል፣ እንዳልዋሽ።

ሐምሌ 30 ቀን 1619 ደግሞ ከየሰፈሩ የተመረጡ 22 ሰዎች ጄምስታውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰበሰቡ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የተመራጮች ምክር ቤት የሚባለው ነው። ሙቀቱ የማይቻል ነበር፣ አንዱ ተመራጭ በስብሰባው መሀል ሞተ፣ በስድስተኛው ቀን ተበተኑ። ብዙ ጊዜ የዴሞክራሲ መጀመሪያ ተብሎ ይነገራል። ልክ ነው፤ ግን ምክር ቤቱን የፈቀደው ኩባንያው ነው፣ ምክንያቱም በጦር ሕግ የሚገዛ አገር ውስጥ ገብቶ የሚሰፍር ሰው አልተገኘም። ከመጀመሪያ ሥራቸውም አንዱ የትምባሆ ዋጋ መወሰን ነበር።

በሚቀጥለው ወር፣ ነሐሴ 1619፣ "ነጭ አንበሳ" የምትባል የእንግሊዝ ዘራፊ መርከብ ከጄምስታውን ወደ ባሕሩ በሚወርደው ወንዝ አፍ ላይ ቆመች። ከአንጎላ ሰው ጭና ወደ ሜክሲኮ ከምትሄድ የፖርቱጋል መርከብ ላይ የዘረፈቻቸውን "ሃያ ምናምን" ጥቁሮች ይዛለች፤ አገላለጹ የሮልፍ ነው፣ ቁጥሩን በትክክል መጻፍ እንኳ አላስፈለገውም። በምግብ ለወጧቸው። በዚያን ቀን ባርነትን የሚደነግግ ሕግ ቨርጂኒያ ውስጥ አልነበረም፤ ሕጉ እየተጠናከረ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1662 ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይወርሳል ተብሎ ሲደነገግ የባሪያ ልጅ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ቀድሞ የነበረው ነገር ግን በቂ ነበር፤ ትምባሆ ጉልበት ይበላል፣ የኮንትራት ሠራተኛ ጊዜው ሲያልቅ ይሄድብሃል፣ መሬት የሚሰጠው ደግሞ በራስ ቁጥር ነው።

ሌላው የትምባሆ ጠባይ መሬት ማድከሙ ነው። ሦስት አራት ዓመት ከዘሩበት በኋላ አዲስ መሬት ይጠይቃል። እንግሊዞቹ ወንዙን ይዘው ወደ ላይ ሄዱ፤ የፓውሃታን ወንድም ኦፔቻንካኖው ይህን እያየ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1622 ጠዋት ሰዎቹ እንደወትሮው መሣሪያ ሳይዙ፣ የሚሸጥ ሥጋ ይዘው በየእንግሊዞቹ ቤት ገቡ፣ አንዳንዶቹም ቁርስ ላይ አብረው ተቀመጡ። ከዚያ እዚያው ያገኙትን መሣሪያ አነሱ። 347 ሰው ሞተ፤ ከሰፋሪው ሩብ በላይ። ጄምስታውን ራሷ አንድ የአገሬው ልጅ ሌሊቱን ስላስጠነቀቀ ተረፈች። ከዚያ በኋላ የመጣው ዓመታት የፈጀ በቀል ነው፣ እንግሊዞቹ የበቆሎ ማሳ እስኪደርስ እየጠበቁ ያቃጥሉ ነበር።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። በ1620 በሜይፍላወር መርከብ ፕሊመዝ የሰፈሩት 102 ሰዎች ሃይማኖታቸውን ይዘው ነው የመጡት፣ እውነት ነው፤ መርከቡን የከፈሉላቸው ግን 70 የሚሆኑ የለንደን ነጋዴዎች ናቸው፣ በአክሲዮን። ግማሾቹ በመጀመሪያው ብርድ ሞቱ፣ የቀሩት ዕዳውን ከፍለው ለመጨረስ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀባቸው። በ1630 ማሳቹሴትስ የመጡት ደግሞ ከሁሉም ብልጥ ነበሩ። የኩባንያቸውን ፈቃድ ለንደን አልተዉትም፤ ጠቅልለው መርከብ ላይ ይዘውት መጡ። ኩባንያው ሰፋሪው ጋ ሆነ፣ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ የአገሩ ምክር ቤት ሆነ። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠራው በዚያው በኩባንያ ጉባኤ ስም ነው።

የቨርጂኒያው ኩባንያ ግን አልቆየም። ከ1622ቱ እልቂት በኋላ ምርመራ ተጀመረ፣ ባለአክሲዮኖቹ እርስ በርስ ተካሰሱ፣ በግንቦት 1624 ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሰረዘው። አክሲዮን የገዛው ሰው ገንዘቡን አላገኘም። ቨርጂኒያ የንጉሡ ሆነች፤ በነፃ።

አዲሱ ባለቤት ምን እንደወረሰ ማወቅ ፈለገና በ1625 መጀመሪያ ላይ ቆጠራ ተደረገ። በ17 ዓመት ውስጥ የተሻገረው ሰው ከ6,000 በላይ እንደሆነ ይገመታል፤ ቆጣሪዎቹ ያገኙት 1,200 ያህል ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ የሰውን ስም፣ የመጣበትን መርከብ፣ ያለውን በቆሎ፣ ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ ከብት ጻፉ። ጄምስታውን ውስጥ በካፒቴን ዊሊያም ፒርስ ቤት አንዲት ሴት ተመዝግባለች። ከአንጎላ ከተዘረፉት አንዷ ናት፤ ከነጭ አንበሳ ጋር አብራ ስትዘርፍ በነበረችው "ትሬዠረር" በምትባል መርከብ ነው የመጣችው። የቤተሰብ ስም የላትም፣ ዕድሜዋም አልተጻፈም። "አንጀሎ፣ ጥቁር ሴት፣ በትሬዠረር" ይላል፤ ዛሬ አንጀላ ብለው ይጠሯታል። ከዚያ ዝርዝሩ ወደ ቤቱ በቆሎና ጠመንጃ ያልፋል።